የኪሎዋ ብረት

እኔ የቡሬ ሰው፣ በርበሬ መዛኝ ነኝ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያስነጥሰኝ፣ ሲያስነባኝ፣
እንባዬን ከሥራዬ ለይቶ ያየ የለኝ።
ገበሬ ጆንያውን ካህያው ያወርዳል፤
«አንተ ካልክ ነው» ብሎ ወደ ጥላ ይሄዳል።
ነጋዴ ጆሮዬ ሥር ጉቦ ያንሾካሽካል፤
መርፌው ግን ሰው አያውቅም፣ ልክ ሲሆን ይቆማል።
ሚካኤልም ይመዝናል፣ እኔም እመዝናለሁ፤
እሱ ነፍስ ይዞ ነው፤ እኔ ዛላ ይዣለሁ።

መልማዮቹ የመጡ ለት፣ ገበያው መሃል፣
ሚዛናቸው መንገድ ላይ ተሰብሮባቸዋል።
የኔን ለመኑኝ፤ አዋስኳቸው።
«መዛኙም አንተው ሁን» አሉኝ፤ ሆንኩላቸው።

ተሰለፈ የሰፈሩ ልጅ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣
አንዱ ደረቱን ነፍቶ፣ አንዱ በሳቅ ታንቆ።
የስንቱን ክርስትና በልቼ፣ መርቄ፣
ኪሎውን ስጣራ ዋልኩ፣ ጉሮሮዬን አድርቄ።
ቀና ስል
አንሙት ቆሟል።

አንሙት፣ የኔው ልጅ። ሳይነግረኝ ተመዝግቦ።
ከሱ በፊት ሁለት ቀብረን፣ ስሙን ስናወጣ፣
አንሙት ያልነው ሞት ሰምቶ ደጃችን እንዳይመጣ።
ክርስትና በተነሳ ማግስት እዚሁ ሚዛን ላይ
በናቱ ነጠላ ጠቅልዬ አስተኝቼው ነበር።
«ሦስት ኪሎ ተኩል» አልኳት።
«ቀሏል» አለች እንጉዳይ።
«ከብዷል» አልኳት።
በሱ ክብደት ተስማምተን አናውቅም።

መኮንኑ «ከሃምሳ በታች አንወስድም» ብሏል።
ልጄ አርባ ዘጠኝ ነው። ባለፈው ሳምንት
ከኑግ ጆንያ ጎን ሲቀልድ ወጥቶበት
አይቻለሁ በዓይኔ፣ መርፌው ሲቆምበት።
ጠዋት ሱቄን ስከፍት፣ ከትንሿ ሚዛን ጎን
አንድ ኪሎዋ ብረት የለችም።
«የወሰዳት እጅ ይቆረጥ» ስል ነበር ያረፈድኩት።
አሁን የልጄ ሱሪ
ባንድ ጎኑ ወደ ታች ተስቧል።

ሁለት ቃል ትበቃ ነበር፦ «ኪስህን አራግፍ»።
ልጄ ቤቱ ይገባል፤ እናቱ ትስቃለች።
ግን እኩዮቹ መሃል፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት፣
አባቱ ያዋረደው ሆኖ ሲቀርስ?
አየኝ። አልለመነኝም።
እንደ ልጅ አልነበረም፣ እንደ ሰው ነው ያየኝ።
ኮራሁ፤ እግዜር ይይልኝ፣ ኮራሁበት።
በዚያው ቅጽበት ደግሞ ጉልበቴ ራደበት።

«ሃምሳ!» አልኩ።
ጸሐፊው ጻፈ።
ሠላሳ ዓመት ባንድ ዛላ ያልዋሸው ምላሴ
የዋሸ ለታ ዋሸ በገዛ ነፍሴ።

ማታ እንጉዳይ በሶ እየቋጠረች
«ሚዛኑ ምን አለ?» አለች።
«ሃምሳ።»
«እንግዲህ ደኅና አብልቼዋለሁ» አለች፣
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።
አልነገርኳትም። እስካሁን።

ለብቻው አግኝቼ «ለምን?» አልኩት ልጁን።
«ካንተ ሚዛን ሥር ቁጭ ብዬ እንዳላረጅ» አለ፤
ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ያለውን አፍሮበት
የጫማዬን ክር ጎንበስ ብሎ አሰረልኝ።
ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ እኔ ነበርኩ የማስርለት።

መኪናው ወደ ማርቆስ ሲያዘግም ሐሙስ ለት፣
ሰው ሁሉ እልል ይላል፤ እኔም አጨበጨብኩለት።
ደግሞም በዚያው እጄ የመኪናውን ጭራ
አንቄ ለመያዝ ቃጣኝ።
ዓይኔ ሲቀላ ያዩ «በርበሬው ነው» አሉ።
አዎ፣ አልኩ።

ኪሎዋ አልተመለሰች። ይዟት ይዞራል ወይስ
የሆነ ቦይ ውስጥ ጥሏታል፣ እንጃ።
ይቆረጥ ያልኩትን እጅ ሌሊት አስታውሼ
እነሳለሁ፤ ደጁን ከፍቼ
ስሙን እጠራለሁ፦ አንሙት፣ አንሙት፣
እንደሚጸልይ ሰው።

በሷ ቦታ ከወንዝ ድንጋይ አንስቼ፣
ልኩ እስኪመጣ ድረስ ጠርቤ አኖርኩ።
ገበሬ «ይሄስ?» ይለኛል።
«አንድ ኪሎ ነው» እለዋለሁ።
«አንተ ካልክ ነው» ብሎ ወደ ጥላ ይሄዳል።
እኔም አስነጥሳለሁ።